ክዳን ያጣው ጠርዝ

ትርሲት በየማለዳው ከአልጋዋ ሳትወርድ ጣቶቿን በየተራ ትነክሳለች። ከቀኝ እጇ አውራ ጣት ጀምራ በግራ እጇ ትንሿ ጣት ትጨርሳለች። ካቻምና ሐሩር ላይ ቀኝ አመልካች ጣቷ ሲነከስ ዝም አለ፤ የሌላ ሰው ጣት አፏ ውስጥ የገባ መሰላት። ክረምቱ ሳይወጣ መሐል ጣቷ ተከተለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ እየደነዘዙ ሄደው፣ ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ጥርስ የሚሰማት ያቺ ትንሿ ጣት ብቻ ሆነች። እሷን መጨረሻ ላይ ትነክሳታለች፣ ጠበቅ አድርጋ። ሲያማት ተነስታ ትለብሳለች። የልብሷን ቁልፎች እያየች ትቆልፋለች፤ የመታጠቢያውን ውኃ ሙቀት በክርኗ ትለካለች።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። እንጀራዋ ጣቶቿ ናቸው።

በዚያ ዘመን የድሬዳዋ ሰው በሁለት ይከፈል ነበር፤ ጥላ ያለውና ጥላ የሌለው። ጥላ የሚባለው በየዓመቱ ሐሩሩ ሳይገባ ክንድ ላይ የሚወጋ ፕሮቲን ነው። በወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ በዚያ ስም የሚጠራው ሰው ግን የለም። ጥላ የወሰደ ሰው ቀትር ላይ ከከዚራ እስከ ለገሃር በእግሩ ይሄዳል፣ ሐዲድ ያጠብቃል፣ ቆርቆሮ ይመታል፣ አቧራውን አራግፎ ቤቱ ይገባል። ያልወሰደ የጠዋቱ የአራት ሰዓት ጡሩምባ ሲነፋ ምድር ቤት ይወርዳል፤ የአሥራ አንዱ ሲነፋ ይወጣል። ጡሩምባውን ችላ ብሎ ውጭ የቀረውን ሲመሻሽ በጋሪ ይለቅሙታል። ትምህርት ቤቱ፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም ምድር ቤት አለው። አሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጥላ አይሰጠውም፤ ስለዚህ የከተማዋ ልጆች ቀትርን የሚያውቁት በወሬ ነው።

ሰውነት ጥላውን በዓመቱ እንደ ባዕድ ይቆጥርና ያባርረዋል። ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ ይሠራል፤ የሚሠራውም ማሽን ነው። ማሽን የሠራው ነገር የሰው እጅ ሳይዳስሰው ወደ ሰው ክንድ እንዳይገባ ግን ሕግ አለ። የዳሳሾች ቤት የተከፈተው ለዚህ ነው። አንድ ወግም አብሮ ቆይቷል። ፕሮቲኑን ያጸደቀ ዳሳሽ ፊርማው ክንዱ ነው፤ የዓመቱን የመጀመሪያ መርፌ እሱ ይወጋል፣ ለገሃር ፊት ለፊት፣ ሕዝብ እያየ። ቤተሰብ ካለው ከእሱ ቀጥሎ ይሰለፋል። ሕዝቡ ማሽኑን አምኖ አያውቅም፤ የዳሳሹን ክንድ ግን ያምናል።

ዘንድሮ ተራው የትርሲት ነበር። ከእሷ ቀጥላ የምትሰለፈው ደግሞ በመጋቢት አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት አንዲት ልጇ ኑሃሚን ናት።

ለአዲስ ዳሳሽ ፕሮቲን ክር ላይ እንደተሰኩ ዶቃዎች ነው ተብሎ ይነገረዋል። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ የጥላ ክር ከሁለት መቶ በላይ አለው። ክሩ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፤ በክሩ ላይ በጣም የተራራቁ ሁለት ዶቃዎች ጎን ለጎን መጥተው ይነካካሉ። የቱ ዶቃ የቱን እንደሚነካ ያወቀ ሰው የፕሮቲኑን ጠባይ ያውቃል። ማሽኑ ንክኪዎቹን አንድ በአንድ ይጠራል። ሁለት ዳሳሾች የፕሮቲኑን ቅርጽ አጉልቶ ለጣት የሚያቀርብ ጓንት አጥልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የተጠራውን ቦታ ይዳስሳሉ። ሁለቱ ዶቃዎች ስምንት አንግስትሮም በሚባል ኢምንት ርቀት ውስጥ ከሆኑ ጓንቱ ጣትን ይገፋል፤ ከዚያ ከራቁ ዝም ይላል። ዳሳሹ «አለ» ወይም «የለም» ይላል። ሥራው ይኸው ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ አለ፣ የለም፣ አለ።

የትርሲት አጋር ጋሽ ሙክታር ነው። ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ሰው ስለሌለ፣ ስድሳን አልፎም አንተ ይባላል። ቀጭን፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ ሥራ ላይ ከማንጎራጎር የማይቦዝን ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ እንደ እሱ ያለ ጣት የለም ይባላል። አንድ ንክኪ ደህና ሲሆን «ለስላሳ ነው» ይላል፤ ሌሎቹ ዳሳሾች ይህን አነጋገር ከእሱ ተምረው ቀልድ አድርገውታል፤ ለወጥም፣ ለሙሽራም፣ ለአዲስ ጫማም «ለስላሳ ነው» ይላሉ። ትርሲት ጣቶቿ ዝም ካሉ ወዲህ የምትኖረው በሙክታር ድምፅ ነው። እሱ «አለ» ሲል ትንሽ ቆይታ «አለ» ትላለች። ነገሩ ሌብነት እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ከሁለቱ አንዱ እየዳሰሰ እስከሆነ ድረስ ጥላው ተዳስሷል ስትል ራሷን ታጽናናለች።

በዚያ ሳምንት ረቡዕ የፕሮቲኑን የመጨረሻ ክፍል ሲዳስሱ፣ ያቺ ትንሿ ጣቷ ማሽኑ ከጠራው ቦታ ተንሸራተተች።

ክሩ እዚያ አካባቢ እየተመላለሰ ጎን ለጎን ይተኛል፤ እንደ ሰሌን ምንጣፍ ነው። በየዓመቱ በመጡት ጥላዎች ሁሉ የሰሌኑ የመጨረሻ ጠርዝ ላይ የክሩ ጅራት ታጥፎ ይተኛበት ነበር፤ ዳሳሾች ክዳን ይሉታል። ትንሿ ጣት ክዳኑን ፈለገች። ጓንቱ ዝም አለ።

«ጋሽ ሙክታር፣ ጅራቱ አጥሯል» አለች።

«ማሽኑ ነው ያሳጠረው። ቶሎ ቶሎ እንዲመረት ይሆናላ።»

«ጠርዙ ክፍት ነው እኮ።»

«ማንን ይነካል?»

«ማንንም አይነካም።»

«አቦ፣ ማንንም ካልነካ ምን ልትዪ ነው? እኛ የምንጠየቀው ስለሚነካው ነው። ለስላሳ ነው፣ እለፊው።»

አለፈችው። ግን ለምሳ ሁሉም ሲወጣ እሷ ቀረች። ድሬ ላይ ያደገ ሰው ሰሌን ሲሠራ አይቷል፤ ጫፉ ያልተቋጠረ ሰሌን ሌላ ሰሌን እንደሚቀጠልበት ያውቃል። ትርሲት ማሽኑን የዚያኑ ጥላ ሌላ ቅጂ አምጣ አለችው። ማሽኑ እንደ ታዘዘው አመጣ። አንድም ዳሳሽ ይህን ጠይቆት አያውቅም ነበር፤ የቤቱ ሥርዓት አንድ ክር ብቻውን መዳሰስ ነው። ደም ውስጥ ግን አንድም ክር ብቻውን አይሄድም።

ሁለቱን ቅጂዎች በሁለት እጇ ይዛ ጠርዝ ከጠርዝ አቀራረበቻቸው። ገና ሳይደርሱ ጓንቱ እጇን ጎተተው። ትንሿ ጣቷ በሁለቱ መሐል ተያዘች፤ ስትስባት አልወጣም አለች። ሦስተኛ ቅጂ አመጣች፤ በሁለተኛው ላይ ተለጠፈ። አራተኛው በሦስተኛው ላይ። ሰሌኑ በገዛ ራሱ እየተሠራ ረዘመ። ከዚያ የአምናውን ጥላ አስመጣችና ከካቻምናው ጋር አገናኘችው፤ እነዚህ ክዳን አላቸው። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ልትተወው ስትል የአምናው ክዳን ቀስ ብሎ ተነሳና ጠርዙ የካቻምናውን ያዘ። ሰውነት አባረረው የተባለው ጥላ የትም አልሄደም ማለት ነው። የተለየው ፍጥነቱ ነው፤ የድሮዎቹ ቀስ እያሉ፣ የዘንድሮው ወዲያው።

ጓንቱን አወለቀችና ጣቶቿን አየቻቸው።

ትርሲት ሠፈሯ የደረሰችው የአሥራ አንድ ሰዓቱ ጡሩምባ ሲነፋ ነው። የምድር ቤቱ በር ተከፈተ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትወጣው ኑሃሚን ናት፤ ቀኑን ሙሉ በሩ ሥር ተቀምጣ ትውላለች ይላሉ። ልጅቷ ሦስት ዓመቷ እያለ፣ ጥላ ከመምጣቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ሐሩር፣ ከዚራ ያለ አንድ ምድር ቤት ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ውስጡ ከነበሩት አብዛኞቹ አልወጡም። ካልወጡት አንዱ አባቷ ደመላሽ ነው። ኑሃሚን የዚያን ዕለት እናቷ ጭን ላይ፣ ሌላ ምድር ቤት ውስጥ ነበረች። ምንም አታስታውስም፤ በር ሥር መቀመጥ ግን አልተወችም።

«እማ! ፊርደውስ የላከችልኝን ፎቶ ላሳይሽ?» አለች ገና ሰላምታ ሳትጨርስ። ፊርደውስ ጓደኛዋ ናት፤ አምና ጥላ ወስዳ ሐዲድ ላይ ተቀጥራለች። «ቀትር ላይ ደቻቱ ወንዝ መሐል ቆማ። ከአንዲት ፍየል በቀር ማንም የለም።»

«ፍየሏስ ምን ትሠራለች?»

«ሞታለች።» ኑሃሚን ሳቀች። «እሁድ ከተወጋሁ እኔም እሄዳለሁ። የባቡር ጣቢያው ሰውዬ ሰኞ ነይ ብሎኛል። እማ፣ እኔኮ ቀትር ላይ የራሴን ጥላ አይቼ አላውቅም፤ እግር ሥር ትገባለች አሉ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል? ልትፈርሚ ስትይ ልትታመሚ ነው እንዴ? እልል በሉላት የሚሉሽ ቀን እኮ ነው!»

ትርሲት «አንድ ዓመት ብትቆዪስ?» ልትል አፏን ከፈተች። ኑሃሚን ግን ከምድር ቤቱ የሚወጡትን ሰዎች እያየች ነበር። አንድ ሽማግሌ በደረጃው ላይ በሁለት ልጆች ተደግፎ ይወጣል፤ ፊቱ እንደ እርጥብ ጨው ነጥቷል።

«አንድ ሐሩር» አለች ኑሃሚን ቀስ ብላ። «አንድ ሐሩር ብቻ እዚያ ብጨምር አብዳለሁ። እውነቴን ነው እማ።»

ትርሲት ለሽማግሌው መንገድ ለቀቀች።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሙክታር ቤት ሄደች። ከሚስቱ ከሐሊማ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫት ይቅማል። ድሮ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ዓይኑን ሳይጥል፣ ለጋውን ቅጠል በጣቱ ለይቶ ያወጣ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱን ቀንበጥ ወደ ዓይኑ ያስጠጋል። ትርሲት ይህን አየች፣ ነገር ግን ስለ እርጅና አሰበች።

ሐሊማ ሻይ አመጣች። «ሙክታር፣ አሁን ነው ከእሳት የወረደው» አለች ብርጭቆውን በጨርቅ ይዛ። እሱ ጨርቁን ሳይጠብቅ ብርጭቆውን በመዳፉ ሙሉ ተቀበለ። ይዞት ስለ ልጁ ሠርግ ማውራቱን ቀጠለ። እንፋሎቱ ጢሙ ላይ ይወጣል። ሐሊማ አንዴ ትርሲትን፣ አንዴ ባሏን አየች፤ ከዚያ ብርጭቆውን ከእጁ ወስዳ መሬት አስቀመጠችውና ወደ ውስጥ ገባች። መዳፉ ላይ ቀይ ክብ ቀረ። ከጎኑ የቆዩ ክቦችም ነበሩ።

ትርሲት ወደ መዳፉ ጎንበስ አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ትርሲት።

«ሦስት ሐሩር ሆነው።» ሙክታር መዳፉን ዘጋ። «ለሐሊማ እንጂ ለማንም አልነገርኩም። አንቺ ግን ምንም አይጎድልብሽም አልኩ። ጎበዝ ጣት አለሽ።»

«እኔ?»

«አንቺ። ከመናገርሽ በፊት በአፍንጫሽ ትተነፍሻለሽ፤ አታውቂውም ይሆናል። ቀስ ብለሽ ስትተነፍሺ ንክኪው አለ ማለት ነው። ያን ሰምቼ አለ እላለሁ።»

ትርሲት መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ሳቋ መጣ። «ጋሽ ሙክታር፣ እኔ የምተነፍሰው ፈርቼ ነው። አንተ እስክትናገር እየጠበቅኩ።»

ሙክታር አፉ ውስጥ ያለውን ቅጠል ማኘክ አቆመ። እሱም ሳቀ፤ ሁለቱም ሐሊማ ከውስጥ ብቅ ብላ እስክታያቸው ሳቁ። ሳቁ ካለቀ በኋላ ሙክታር ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

«አላህ!» አለ። «እና አምና የዳሰሰው ማን ነው?»

«ማንም።»

ስለ ክዳኑ፣ ስለ ሁለቱ ቅጂዎች፣ ትንሿ ጣቷ እንዴት እንደተያዘች ነገረችው። አንድም ቃል ሳያቋርጣት ሰማ። ስትጨርስ ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «ሐዲድ ላይ ያሉት ልጆች እጃችን ደነዘዘ ሲሉ ከመዶሻው ነው ይሏቸዋል። ሐኪሙ ስኳር ነው ይላቸዋል።»

በማግስቱ ትርሲት የዳሳሾች ቤት ኃላፊ ወደሆነችው ዶክተር ሌንሳ ገባች። ሌንሳ ራሷ ድሮ ዳሳሽ ነበረች፤ ጥላ ከመጣበት የመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ እየተወጋች ነው። ትርሲት ገና ወንበር ስባ ሳትቀመጥ ሌንሳ የትርሲትን ጣቶች አየቻቸው።

«ስንት ቀረሽ?» አለቻት።

ትርሲት ቆማ ቀረች። «አንዲት።»

«ደህና ነሽ። እኔ አንድም ከሌለኝ አራት ዓመቴ ነው። ቁጭ በይ።»

ትርሲት ስለ ክፍቱ ጠርዝ ቆማ ነገረቻት። «ታውቁ ነበር?»

«እንጠረጥር ነበር። ስለ ጠርዙ ገና አሁን ከአንቺ መስማቴ ነው፤ ግን አልደነቅም።» ሌንሳ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ድምፅዋም እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለና የደከመ ነበር። «ከእጅ በኋላ እግር ይከተላል። ከእግር በኋላ ልብ። ግን ቀስ ብሎ።»

«የዘንድሮው ቀስ አይልም። በገዛ ጣቴ አይቼዋለሁ።»

«እንበልና አሥር ዓመት ይሆናል፣ አሥራ አምስት። አዲስ ለማሠራት ስምንት ወር ያስፈልጋል። ሐሩሩ የሚገባው በሦስት ሳምንት ነው። ምድር ቤቶቻችን የከተማውን ግማሽ አይችሉም፤ ቀን የሚሠራ ሰው ከሌለ ደግሞ ማቀዝቀዣው የሚሠራበትን መስመር የሚጠግን የለም። ማቀዝቀዣው ሲቆም ምን እንደሚሆን ላንቺ አልነግርሽም ትርሲት፤ ከዚራ የሞተብሽ አንቺ ነሽ።»

ትርሲት ቁጭ አለች። «በእነዚህ ዓመታት ውስጥ መፍትሔ የሚፈልግ ሰው አለ?»

ሌንሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። መስኮቱ ከውጭ በቆርቆሮ የታሸገ ነው።

«ልጄ ከእኔ ቀጥላ ናት» አለች ትርሲት።

«አውቃለሁ። የእኔ ወንድ ልጅ አምና ወሰደ።»

«አልፈርምም ብልስ?»

«የሚያስገድድሽ የለም። ሌላ ሰው አቆማለሁ።»

«ማንን?»

«የሚሰማ ጣት ያለው ሰው የለኝም» አለች ሌንሳ። «የሚፈርም ግን አለኝ።»

እሁድ ሥነ ሥርዓቱ የሚጀመረው ከአራት ሰዓቱ ጡሩምባ በፊት ነው፤ ጥላ የሌለው ሰው እስከዚያ ድረስ ሜዳ ላይ መቆም ይችላልና። ለገሃር ፊት ለፊት መድረክ ተሠርቷል። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ መርፌ የያዘች ነርስ፣ ማይክሮፎን። ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፏል። የመጀመሪያዋ ኑሃሚን ናት፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሳ፣ እጅጌዋን ከአሁኑ ጠቅልላ። ከጎኗ ፊርደውስ ቆማ በጆሮዋ የሆነ ነገር ትላታለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

ትርሲት መድረኩ ላይ ወጣች። እልልታ ሆነ። ነርሷ «ክንድሽን» አለች።

ትርሲት ክንዷን ደረቷ ላይ አጠፈች። ለማይክሮፎኑ ምን እንደምትል አዘጋጅታ አልነበረም።

«ጣቶቼ አይሰሙም» አለች። «ዘንድሮ የዳሰስኩት በአንዲት ጣት ብቻ ነው። በዚያች ያገኘሁትን ልንገራችሁ። የዘንድሮው ጥላ ጠርዙ ክፍት ነው፤ ደም ውስጥ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ከአምናውም ጋር ይጣበቃል። እጅ ያደነዝዛል። ከእጅ ወደ እግር፣ ከዚያ ልብ ይደርሳል። ክንዴን አልሰጥም። እናንተም አትስጡ።»

ከፊት ሰልፉ ውስጥ ብዙ ሰው እጁን ኪሱ ከተተ።

«አቦ፣ ምንድን ነው የምትለው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«መቼ ነው ልብ የሚደርሰው?» አለች ሕፃን ያዘለች ሴት።

«ከዓመታት በኋላ። አሥር፣ አሥራ አምስት።»

«ሐሩሩኮ በሦስተኛው ሳምንት ነው የሚደርሰው!» አለ አንድ ጎረምሳ፤ ሳቅ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። የሚያስቅ ነገር ስላገኙ ሁሉም ደስ ያላቸው ይመስል ነበር።

«አሥራ አምስት ዓመት! ወሪያ፣ እኔ ሰኔን ካየሁ ይበቃኛል!»

«ተይ እሺ፣ አንወጋም» አለች ሕፃን ያዘለችው፤ እሷ አልሳቀችም። «ታዲያ ይህን ልጅ ይዤ የት ልግባ? አንቺ ቤት ምድር ቤት አለሽ? ንገሪኝ እሱን።»

ትርሲት ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ የሴትየዋን ዓይን አየች፤ ሴትየዋም መልስ ትጠብቃለች። ሌንሳ ከመድረኩ ሥር ለአንድ ሰው ምልክት ሰጠች።

የወጣው ሙክታር ነበር። ነጭ ቆብ አድርጓል፣ ጢሙን እንደገና በሂና አቅልቶታል። ትርሲትን አላያትም። በአጠገቧ ሲያልፍ ግን «ሐሊማ ምድር ቤት አትችልም፤ ልቧ ደካማ ነው» አላት፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ነርሷ ወጋችው። መርፌው መግባቱን ለማወቅ ሙክታር ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረበ።

«ለስላሳ ነው» አለ።

እልልታው ከፊተኛው በለጠ። ሰልፉ ወደፊት ገፋ።

ትርሲት ደረጃውን ወርዳ ስታበቃ ኑሃሚን ከሰልፉ ወጥታ ቆማ ነበር። ፊርደውስ ቦታዋን ይዛላታለች። ልጅቷ የእናቷን ሁለት እጆች ያዘች።

«ቁልፍሽን እያየሽ ስትቆልፊ አይቼሻለሁ» አለች። «ካለፈው ዓመት ጀምሮ። ዓይንሽ የደከመ መስሎኝ ነበር።»

«ኑሃሚን፣ ቤት እንሂድ።»

ኑሃሚን የእናቷን ቀኝ አውራ ጣት በሁለት ጣቶቿ ጫን አለች። «ይሄ?»

«የለም» አለች ትርሲት፤ ቃሉ ከአፏ የወጣው ከልማድ ነው።

«ይሄስ?»

«የለም።»

እንዲህ እያለች አንድ በአንድ ሄደች። ኋላ ያሉት ሰዎች «ልጅት፣ ተራሽን ልትለቂ ነው!» ይላሉ። የግራ እጇ ትንሿ ጣት ላይ ደረሰች።

«ይሄስ?»

«አለ።»

ኑሃሚን ያቺን ጣት እንደ ያዘች ቆየች። እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅዋ ግን የረጋ ነበር። «አባዬ ከዚራ ሲወርድ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሠላሳ ሁለት።»

«እኔ አሥራ አምስት ብጨምር ሠላሳ ሁለት እሆናለሁ።»

ትርሲት ይህን ሒሳብ እሷም ሌሊቱን ደጋግማ ሠርታው ነበር። «አብሬሽ ምድር ቤት እውላለሁ» አለች። «በሩ ሥር አብረን እንቀመጣለን። በየቀኑ። አንድ ሐሩር ብቻ።»

«እማ» አለች ኑሃሚን፣ ወደ ጠረጴዛው እያየች።

የአራት ሰዓቱ ጡሩምባ ነፋ። ሜዳው ለሁለት ተከፈለ፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ወደ ደረጃዎቹ፣ ሰልፈኛው ወደ ጠረጴዛው። ፊርደውስ ስሟን ጮኻ ጠራች። ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች፤ ከጨፈነች በደንብ ይሰማታል። የልጇ መዳፍ ትንሽ ላብ ነበረው፣ ትኩስ ነበር፣ ትንሿን ጣቷን ዙሪያውን ይዟት ነበር። ከዚያ ግፊቱ ላላ፣ ቀለለ፣ አየር ገባበት።

«የለም» አለች ትርሲት፣ በለሆሳስ።